ቆማ የምትበላው ሴትዮ

ሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1975

ገበያ ዋልኩ። ጌሾው አልተሸጠም። ደሴን ጉም ውጧት ውሎ ማን ይገበያል? ስመለስ የሸዋ በር ልጆች ከኋላዬ "እማማ ቁጡ! እማማ ቁጡ መጡ!" ድንጋይ አነሳሁ። ይብስ ሳቁ። ለካ ያ ልጅ ድንጋይ አነሳሴንም አስመስሎ አሳይቷቸዋል።

ያ ስማቸው የሚሉት ልጅ! የሟች እህቴ የአስናቀች ልጅ። ሳላገባ፣ ሳልወልድ፣ ጌሾ እየቸረቸርኩ አሳደግኩት። ሐኪም ይሆናል፣ አስተማሪ ይሆናል ስል... ቀልደኛ ሆነ። ያውም በኔ። የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ነጠላዬን አጣፍቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ እኔን እየመሰለ ያስቃል። ለሚጫወታት አሮጊት እማማ ቁጡ የሚል ስም አወጣላት። አሁን ስሙ የኔ ሆኖ ቀረ። በስሜ አትጠገብ ብላ የምትጠራኝ ጎረቤቴ ዘይቱና ብቻ ናት።

ተው የሚለው አንድ ሰው ይጥፋ?

በስተርጅና መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል መቁጠሬ ለዚህ በጀኝ። ለወረቀት ልናገር። ወረቀት እንኳን አይስቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ስማቸው የሠራው ፊልም ታጥቦ መጣ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የነበረ ፈረንጅ ሐኪም አገሩ ሲገባ በተወለት ትንሽ ካሜራ ያነሣው ነው። አንሶላዬን ግድግዳው ላይ ወጠረና አሳየን።

ራሱ ነው፣ በኔ ነጠላ። አህያ ይገፋል፣ አህያዋ እምቢ ትላለች። ቀበሌ ሱቅ ይሰለፋል። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

"ወሬውስ የታለ?"

"ካሜራው ድምፅ አያነሣም፣ እታለም። ከአንሶላው ጎን ቆሜ እኔ እሞላዋለሁ።"

ዘይቱና "ወላሂ አትጠገብ፣ ራስሽ ነሽ!" እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አንድ ቦታ ላይ ግን... አሮጊቷ ለልጅ ምሳ ታቀርብና እሷ ጥግ ላይ ቆማ ትበላለች። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ቶሎ ቶሎ። እኔ ቆሜ ስበላ የኖርኩት ሳህኔ ላይ ያለችው ጥቂት መሆኗን እንዳያይ ነበር። ለካ አይቷል። ስንት ዓመት ዝም ብሎኝ ኖረ?

"እዚህ ጋ ምን ትላለህ?" አልኩት።

"እዚህ ጋ ዝም ነው የምለው" አለ።

እሑድ፣ ኅዳር 5

ኮምቦልቻ ወሰደኝ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩ። ምን አስወጣኝ?

አዳራሹ በፋብሪካ ሠራተኛ ሞልቷል። ፊልሙ ሲሄድ እሱ ከጎን ቆሞ በኔ ድምፅ ይናገራል። አህያዋን ሲሰድባት ሰው ወንበሩን ይደበድባል። ሱቁ ጋ ሲደርስ፣ አሮጊቷ ባዶ ከረጢቷን እያራገፈች፦

"ወረፋውስ ደርሶኝ ነበር፤ ስኳሩ ነው ያልደረሰ!"

ጣራው በሳቅ ተናጋ። የኔ ቃል ነው። ሐምሌ ላይ ሱቁ በር ቆሜ የተናገርኩት። በንዴት ዞር ስል ግድግዳ ተደግፎ አንድ ሰው አየሁ። መነጽር ያደረገ። አይስቅም። ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ እሱ ብቻ...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ስማቸውን ወሰዱት። ምሳ እየበላ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ቀለሙ፣ ከሁለት ጠበንጃ ያዥ ጋር። "ለጥያቄ ነው እማማ፣ አሁን ይመለሳል" አለኝ።

በሰባ ዓመተ ምሕረት የዘይቱናን ወንድም በሺርን ሲወስዱትም "አሁን ይመለሳል" ነበር ያሉት። ያ "አሁን" ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ስንቅ ይዤ ወደ እስር ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ሴቶች ተኮልኩለዋል። ሁሉም የሚያየው ሳህን ነው። ባዶ ሳህን ከወጣ ሰውዬው አለ። ምግቡ እንዳለ ከተመለሰ... አንዷ ወይዘሮ እንደተሞላ ተመለሰላት። ተቀብላ ቆመች። አላለቀሰችም። ማልቀስ እንደሚያስጠይቅ ታውቃለች።

የኔ ባዶውን ወጣ። የጠቀለልኩበት ጨርቅ በአራት ታጥፎ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። እንዲህ የማጥፈው እኔ ነኝ። እዚያም ሆኖ እኔን ይመስላል! ምናባቱ... ጨርቁን ሳልፈታ ጉያዬ ሸጎጥኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ጓድ ቀለሙ አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ። ወንበር ሲሰጡ ይበልጥ ያስፈራል።

"እማማ፣ ልጁ ለዓመታት ሲያሾፍብዎት ኖሯል። ሲያማርሩ ሰምተናል።"

"አማርሬያለሁ።"

"እንግዲያው እሑድ ፊልሙ በስብሰባ ይታያል፣ ሕዝቡም ሂስ ይሰጣል። ከአውራጃም ሰው ይመጣል። እርስዎ ተነሥተው 'የስኳሩ ቃል የኔ አይደለም፣ እሱ ነው አፌ ላይ የለጠፈብኝ' ይበሉ። ሁለተኛ እርስዎን አይመስልም። እኔ ልሙት!"

"እሱስ?"

"እሱን ለእኛ ይተዉት።"

ይኸው። ተው የሚለው ሰው ተገኘ።

ዓርብ፣ ኅዳር 17

እንቅልፍ የለም። ቃሉ የኔ አይደለም ካልኩ እሱን ይበሉታል። የኔ ነው ካልኩ እኔን። ለሱ? እድሜዬን ሰጥቼው፣ መሳቂያ አድርጎኝ፣ አሁን ደግሞ ነፍሴን?

ዘይቱናን ጠየቅኳት። ሽንኩርቷን መላጥ አላቆመችም።

"አትጠገብ፣ ያ ልጅ ካንቺ አፍ ያልወጣ ቃል ተናግሮ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እንግዲያ ሐሰት ልትመሰክሪ ነው። አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ አላህ አለ።"

አብሽሪ ማለት ለሷ ቀላል ነው። ቆይ... ለሷም ቀላል አይደለም፤ የበሺር እህት ናት።

እሑድ፣ ኅዳር 19

መሽቷል። ግን ልጻፈው።

የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል። ስማቸውን አመጡት። ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ከንፈሩ አብጧል። እንዳይናገር ተነግሮታል። ፊት ወንበር ላይ ከአውራጃ የመጣው ጓድ... መነጽር ያደረገ። ያ የማይስቀው ሰውዬ!

ፊልሙ ያለ ድምፅ ሄደ። አህያዋ እምቢ አለች። ማንም አልሳቀም። እንኳን መሳቅ፣ የሚያስል የለም።

"ይኼ ምኑ ያስቃል? እማማ፣ እስቲ ይናገሩ" አለ ቀለሙ።

ተነሣሁ። ከቦታዬ ሆኜ ልናገር ነበር። እግሬ ግን ወደ አንሶላው ወሰደኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

"ሂጂ አንቺ ግትር! ካንቺ ጋር ከምሟገት ከግድግዳ ጋር ብሟገት ይሻለኛል!" አልኳት አህያዋን። ከኋላ አንዲት ሴት ፍርፍር ብላ ሳቀች። ቀጠልኩ። ሌላም ሳቀ። ቆማ የምትበላበት ሲደርስ ዝም አልኩ። ስማቸው አንገቱን ደፋ።

ሱቁ መጣ።

"ወረፋውስ ደርሶኝ ነበር፤ ስኳሩ ነው ያልደረሰ!" ማንም ሳይተነፍስ ጨመርኩበት፦ "ይኼ ቃል የኔ ነው። ሐምሌ ላይ እዚሁ ሱቅ በር ተናገርኩት። ጓድ ቀለሙ ከጎኔ ቆመው ነበር። ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል።"

ባለመነጽሩ ቀስ ብሎ ወደ ቀለሙ ዞረ። "ሰምተው ነበር?"

"የ... የአሮጊት ጨዋታ መስሎኝ..."

"ያኔ ጨዋታ ከነበረ ዛሬ ምን ሆነ?"

ቀለሙ ላቡን ጠረገ። ስማቸውን መልሰው ወሰዱት። እኔን ማንም አልነካኝም። እስካሁን።

ዓርብ፣ ኅዳር 24

ቃሉን ወንጀል ካሉት የሳቀው ቀለሙም ሊጠየቅ ነውና፣ ስማቸውን ለቀቁት። የስኳሩን ቦታ ከፊልሙ ቆርጦ እንዲያወጣ፣ እሱም መድረክ ላይ ሁለተኛ አፉን እንዳይከፍት አስጠንቅቀው።

ጥግ ይዞ ይቀመጣል። "እስቲ እኔን ምሰል" አልኩት። እኔ! "ጠፋብኝ፣ እታለም" አለ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 3

"አንተ አትናገር ተባልክ እንጂ እኔ አልተባልኩ" ብዬ አንሶላውን ወጠርኩ። መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። በኋላ ግን፦

"እንዲያ አይደለም። እማማ ቁጡ መጀመሪያ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ነው የምትሰድበው።"

እኔን ስለ እኔ ያርመኛል! ሰደብኩት። "አዎ፣ እንደሱ!" አለ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 17

ሐርቡ ከተማ ሄድን። ፊልሙን እሱ አሳየ፣ እኔ ተናገርኩ። ቀለሙ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። እስከ ሐርቡ ድረስ ተከትሎን!

ሱቁ ጋ፣ ቆርጦ ባወጣው ቦታ፣ ፊልሙ ዘለለ። አሮጊቷ ከሰልፉ ድንገት መንገድ ላይ ተገኘች። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ባዶ ከረጢቴን አንሥቼ ብቻ አራገፍኩ፣ ዝም ብዬ።

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ኮምቦልቻ የተባለውን ሐርቡ ከሰማ ቆይቷል። ቀለሙ ዙሪያውን አየ። ማንን ይጻፍ? ማንም ምንም አላለም።

ስንወጣ የሐርቡ ልጆችም "እማማ ቁጡ!" አሉኝ። ድንጋይ አላነሳሁም።

መንገድ ዳር ያለች ምግብ ቤት ገባን። ስማቸው ቁራሽ እንጀራ አንሥቶ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋና ነጠላዬን ትከሻው ላይ ጥሎ ተነሣ። ግድግዳው ጥግ ሄዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ቆሞ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል። ከተፈታ ወዲህ እኔን ሲመስል የመጀመሪያው ነው።

"ቁጭ ብለህ ብላ!" አልኩት። "ለሁለታችንም ይበቃል።"

መጥቶ ተቀመጠ።