ብሌን ያመጣቻት እንግዳና ያልተሟሸው ድስት

ይድረስ አሶሳ ለምትኖሪው ለእናቴ ልጅ ለእትዬ በዛወርቅ።

እትዬ፣ ሰላምሽ ይብዛልኝ። እንደምን ከርመሻል? ያ እየተነሣ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው በሰው የላክሁልሽን ቅባት ተቀባሽው ወይስ እንደ ልማድሽ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሽበት? ጋሽ መርስዔ ኃዘንስ ደኅና ናቸው? ወባው ዘንድሮ ቀለል አለላችሁ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ሁላችንም አለን። ውርጩ እንደምታውቂው ነው፤ ጠዋት ጠዋት እንስራው ውስጥ ያደረው ውኃ ከላይ ረግቶ በጭልፋ እየሰበርን ነው የምንቀዳው። ብቻ ጤና ነን፤ ገብሱም ዘንድሮ ደግ ነበር።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትይ ይሆናል። ስልክ ለዚህ ወሬ አይበቃም፤ አንቺም ገና ስጀምር «ቶሎ በይ» ትይኛለሽ። ወረቀት ግን ቶሎ በይ አይለኝም። ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ፣ ደስታዬ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ሁለት መስመር እጽፍና ተነሥቼ ደጅ አያለሁ፣ ማንም የለም፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ለምን እንደሆነ ከታች ታገኚዋለሽ።

ብሌን ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። ደብረ ብርሃን እነሱ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ መንፈቅ የመጣች የውጭ አገር የልውውጥ ተማሪ አለች። ስሟ ርብቃ፣ አገሯ አርጀንቲና፣ ሃይማኖቷ አይሁድ ነው። እኔ አርጀንቲናን የማውቀው በኳስ ብቻ ነበር። ልጅቷን እዚህ ድረስ ያመጣት የጓሳ ነገር ነው፤ ሕዝቡ ራሱ ሕግ አውጥቶ ሣሩን እየጠበቀ በጊዜው የሚያጭደው እንዴት እንደሆነ ልታጠና ነው። እኛ ቤት የምንከድንበት ሣር ለካ የሩቅ አገር ትምህርት ኖሯል። ከብሌን ጋር አንድ መኝታ ክፍል ደረሳቸውና ተዋደዱ። ሌሎች ሁለት ጓደኞችም አሏቸው፤ ጽናት የምትባል የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ሳቂታና አፏ ሥራ የማይፈታ፣ ደግሞም ፍሬው የሚባል የዚሁ የአጠገባችን የዘመሮ ገበሬ ልጅ፣ ዝምተኛ። አራቱ አንድ ላይ ያጠናሉ፣ አንድ ላይ ይበላሉ። ብሌን ፍሬውን ስታነሣ ድምፅዋ ትንሽ ይለወጣል። ሰምቻለሁ፤ አልጠየቅሁም።

የመንፈቁ ዕረፍት ሲደርስ ደወለችና ጓደኞቼ ጓሳን ሊያዩ ይመጣሉ፣ እኛ ቤት ነው የሚያርፉት አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቂኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማዬ፣ ሸክላውን ግን ወደ ጓሮ አስገቢልኝ» አለች። ለካ እናቴ የባና ነጋዴ ናት ብላ ነው የነገረቻቸው። ውሸት አይደለም፣ የበግ ጠጉር ባናም እሸጣለሁ። ግን እትዬ፣ ይህን ከልጄ አፍ ስሰማ ምን እንደሆንሁ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። አሁን ዘመኑ ተለውጧል ይላሉ፤ ስብሰባ ላይ የእጅ ባለሙያዎች እያሉ ያጨበጭቡልናል። ድስታችንን ይገዛሉ፣ በድስታችን ይበላሉ፣ ከቤታችን ገብተው ግን እህል አይቀምሱም። ልጄ የፈራችው ይህንኑ ነው። ጓደኞቿ ካወቁ ከእሷ ጋር መብላት እንዳይተዉ፣ ቡዳ እንዳይሏት ነው። አልፈረድሁባትም። እንስራውንም ድስቱንም ሁሉ ጓሮ ካለችው ጎጆ አስገብቼ ጭድ አለበስሁት።

ሐሙስ መጡ። ርብቃ ቀጠን ያለች፣ ጠጉሯ የተንዠረገገ ናት፤ ብርዱን አልቻለችውም፣ ገና ከመኪና ስትወርድ አንድ ባና ደረብሁላት። ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋሉ» ስትለኝ ልቤን ወሰደችው። ጎረቤታችን ጥሩሸዋ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ስታይ ቆይታ ቀስ ብላ ወደኔ መጣችና «ዘመድሽ መጣች አሉ፤ ጌታን የሰቀሉት ወገን» አለችኝ። የልጅቷን ሃይማኖት የሰማችው ከእኔው አፍ ነው፤ እኛን ሸክላ ሠሪዎቹን ደግሞ ድሮም ከአይሁድ ወገን ይቆጥሩናል። እኔም ጥሩሸዋ፣ ልጅቷ ገና ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ የመጣችውም ከአርጀንቲና ነው፣ የት አግኝታው ትሰቅለዋለች አልኋት። ዝም አለች። ጥሩሸዋ ዝም የምትለውን ያህል ማለቴ ነው።

ነነዌ ሳይገባ እንግዳ መጥቶልኝ በግ ሳይታረድ እንዴት ይሆናል? የአክስታችን ልጅ ወልደ አማኑኤል ባርኮ አረደልኝ። ብሌን ርብቃ ሥጋ አትበላም ብላኝ ነበር፤ ምክንያቱን አልነገረችኝም፣ እኔም ስለት ይኖርባት ይሆናል ብዬ ምስር ሠራሁላት። ምስሩ የተሠራበት ድስት ግን ጠዋት ቅቅል የተሠራበት ነው፣ ያማሰልሁበትም ጥብሱን ያማሰልሁበት ማማሰያ ነው። ማን ይህን ያስባል?

ገበታው ቀረበ። ለፍሬው ደኅና አድርጌ ጠቅልዬ አጎረስሁት፤ ተቀበለኝ። ርብቃ ግን እጇን ሰብስባ ተቀመጠች። ምስሩን አስጠጋሁላት። ድስቱን አየች፣ ማማሰያውን አየች፣ ፊቷ ቀላ። ከዚያ በዚያች በምትንገዳገድ አማርኛዋ «ይቅርታ፣ በዚህ ቤት ዕቃ መብላት አልችልም። ማንም ያልበላበት ዕቃ አለ?» አለችኝ።

እትዬ፣ በዚያ ሠርግ ቤት ለሁሉ በዋንጫ ቀድተው ለአንቺ በተለየ ቅል የሰጡሽ ቀን መጣብኝ። ነገሯት አልሁ በልቤ። ከዘመሮው ልጅ በቀር ማን ሊነግራት ይችላል? ወደ ፍሬው ዞርሁና «የሸክላ ሠሪ ቤት መሆኑን አንተ ነህ የነገርሃት?» አልሁት። እንዲሁ እንደ መጣልኝ፣ በሁሉም ፊት።

ያጎረስሁት ገና አፉ ውስጥ ነው፤ አያላምጠው፣ አይተፋው። እኔ ጉሮሮውን ጉሮሮውን አያለሁ። የብሌንን ፊት ለማየት አልደፈርሁም። በስንት መከራ ዋጠውና «እማማ፣ እኔ ምንም አልነገርኋትም። አላውቅምም ነበር» አለኝ።

ያደረግሁት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ማንም ያልተናገረውን የልጄን ምስጢር ያወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። ብሌን ተነሥታ ወጣች።

ያተረፈችን ጽናት ናት። እኔ በበኩሌ ገና አልጠገብሁም፣ ጠቡ ይቆየኝ ብላ አንድ ትልቅ ጎረሰችና ርብቃን በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ርብቃ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ብዙ ተናገረች፤ ጽናትም እያላመጠች ትተረጉምልኛለች። በእነሱ ሕግ ሥጋ የሚበላው የራሳቸው ሰው ባርኮ ያረደው ብቻ ነው። ሥጋና ወተት አይገናኝም። ሥጋ የተሠራበት የሸክላ ድስት ደግሞ ምንም ቢታጠብ አይነጻም፣ ሸክላ የገባበትን ይጠጣልና። ይህን ስትል ሳላስበው ራሴን ነቀነቅሁ፤ እውነቷን ነው፣ ይጠጣል። ሕጉም ቢሆን እንግዳ አልሆነብኝም። እኛስ ክርስቲያን ያልባረከውን ሥጋ መች እንነካለን? ሳቅም እንባም ባንድ ላይ መጣብኝ። ማንም ያልበላበት ዕቃ! በመሐል ሜዳ ከእኔ ቤት የበለጠ የት ሊገኝላት? እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኋት፣ ጽናትም ተከተለችን።

ብሌን ጎጆዋ ውስጥ ጭዱ ላይ ተቀምጣለች። ሳታለቅስ ቀና ብላ አየችኝና «ሦስት ዓመት የያዝሁትን በአንድ ቃል ጨረስሽው» አለችኝ። ርብቃ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች። መጀመሪያ የተናገረችውን ጽናት ነው የነገረችኝ፤ ደብረ ብርሃን እንደመጣች አይሁድ መሆኗን ለማንም አልተናገረችም ነበር፤ ሆዴን ያመኛል እያለች ነው ሥጋውን የምታልፈው። በአገሯም አዲስ ሰው ፊት ቶሎ አታወራውም፤ ነገሩን ሰምቶ ፊቱን የሚለውጥ አለና። መጀመሪያ የነገረችው ለብሌን ነው። ይህን ካለች በኋላ ወደ ብሌን ዞራ በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ «እኔ ነገርሁሽ። አንቺ አልነገርሽኝም» አለቻት።

የእኔ ቃል ያላስለቀሳትን ልጅ ያቺ አስለቀሰቻት። ርብቃም መልስ አልጠበቀችም። ተነሥታ ጭዱን ገለጥ ገለጥ አደረገችና አንዲት አፏ ጠበብ ያለች ድስት መረጠች። እኔ በጎመን ዘር አሟሸሁላት፣ ወልደ አማኑኤል አዲስ ማማሰያ ጠረበላት፣ ምስሩም እንደገና ተሠራ። ምጣዱን ሥጋ ነክቶት አያውቅም ብዬ ካረጋገጥሁላት በኋላ እንጀራውንም በላች፤ አስጨምራም በላች። ሌሎቹም በሉ። ብሌንና ርብቃ ግን አልተነጋገሩም።

ዓርብ በማለዳ ወደ ጓሳ ሲሄዱ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ። እኔ ቀኑን ሙሉ ተቁነጠነጥሁ። ጭቃ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ተነሥቼ የጠረግሁትን ቤት እጠርጋለሁ። ልጄ ያገኘቻቸውን ጓደኞች በእኔ ምላስ አጥታ ልትቀር ነው እያልሁ ለመድኃኔ ዓለም ያልተሳልሁት የለም። የርብቃ ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚገባ ሳይመሽ መመለስ አለባቸው። አመሻሹ ላይ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ብሌንና ርብቃ አንድ ባና ለሁለት ተከናንበው ይመጣሉ። ምን ተባባላችሁ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። አልዋሽሽም፣ ጽናትን ጠይቄያታለሁ። ቀይ ቀበሮ ይወጣል ተብለው ሣሩ ውስጥ ደረታቸውን ተኝተው ሲጠብቁ ብሌን መናገር ጀመረች አለችኝ። ስለ አያቷ፣ ስለ እኔ፣ አንደኛ ደረጃ ሳለች ልጆቹ እሷ በጠጣችበት ኩባያ አንጠጣም ስላሏት። ይህን ለእኔ እንኳ ነግራኝ አታውቅም፣ እትዬ። ቀበሮውም ወጥቶ አልፎ ሄደ፣ ያየውም የለም። ፍሬው ሁሉን ሰማ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ቅዳሜ ርብቃ እሳት አትነካም፤ ዓርብ ያበሰለችውን ረመጥ ውስጥ ቀብረን አሳደርንላት። እኛም ቀዳሚትን እናከብራለን፣ አያታችን ቅዳሜ ጭቃ አትነካም ነበር ብላት ደስ አላት። ቀኑን ሙሉ ሲተራረቡ ዋሉ። ጽናት ፍሬውን «ምነው ዝም አልህ? ያ የሐሙሱ ጉርሻ እስካሁን አልወረደልህም?» ስትለው እሱም ሳቀ። ከእኛ ጋር በላ። ብቻ እያንዳንዱን ጉርሻ ዓይኔ ተከትሎታል፣ ምን ላድርግ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ርብቃ ድስቷን ልትወስድ ነው፤ ለጽናትም አንድ ገንቦ ሰጥቻታለሁ። ሁለቱንም ብሌን በገመድ አስራ በጀርባዋ አዘለቻቸው። ነጠላዬን ላለብስላት ብል «ተዪው እማዬ» አለችኝ። በገበያው መሐል፣ በነጥሩሸዋ ፊት፣ እንደዚያው አዝላ ሄደች። ረዳቱ ከሚኒባሱ ላይ ሊጭን እጁን ዘርግቶ የማን ዕቃ ነው ቢላት «እናቴ የሠራችው ነው፣ ላይ አይወጣም፣ ጭኔ ላይ እይዘዋለሁ» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እሱም ለድስቱም ወንበር ልስጠው ነው ወይ እያለ አጉረመረመ። እኔ መሬቱን ረግጬ መቆሜንም እንጃ።

ፍሬው ከእነሱ ጋር አልተሳፈረም። ወደ ቤተሰቦቹ ወደ ዘመሮ የሚሄደውን መኪና ከመያዙ በፊት ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና «እማማ፣ የት ስበላ እንደሰነበትሁ ለእናቴ እነግራታለሁ» አለኝ። በምን ልብ እንዳለው ከፊቱ መለየት አልቻልሁም። ዛሬ ረቡዕ ነው። ብሌን ደውላ ፍሬው ገና ደብረ ብርሃን አልገባም አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን አልፈራም፣ ካልመጣም አይምጣ፣ እኔ እንደሆን ተናግሬ ጨርሻለሁ አለች። እኔ ነኝ እንጂ ከዘመሮ በኩል የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር የምነሣው። እናቱ መጥታ ደጄ ብትቆም ምን አቀርብላታለሁ? ብትገባስ? ብትቀርስ?

በይ እንግዲህ፣ ጋሽ መርስዔ ኃዘንን ጉልበታቸውን ስሜልሻለሁ፤ ጋቢያቸው አልቋል፣ ለፋሲካ ይደርሳል በያቸው። አምባዬን ትምህርቱን እንዳይተው ምከሪልኝ፣ በዚያው ጉንጩን ሳሚልኝ። ጎረቤቶችሽንም በስሜ ሰላም በይ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ እዚያው አሶሳ የሚሠራው የወልደ አማኑኤል ልጅ ቢያድግልኝ ነው። ልጆችሽ የእናታቸውን ወገን ገበሬ ነው ብለው እንደሚያውቁ እሱ ነው የነገረኝ። አልተቀየምሁሽም፤ ለምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ትንሿን አያልነሽን ዓይኗን ሳሚልኝ፤ አንዲት ድስት በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬላታለሁ፣ የእሷ ናት። ማን ላከልኝ ስትልሽ አክስትሽ ናት በያት። ማን ሠራው ስትልሽ ግን፣ እትዬ፣ እሱን ለአንቺ ትቼዋለሁ። ያልሻትን ጻፊልኝ።

እህትሽ እታገኝ
መንዝ፣ መሐል ሜዳ
የካቲት 6 ቀን 2011 ዓ.ም.