የግራ እግሬ ፈተና

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ከሁሉ በፊት ይኼን ልያዝ፦ መደንዘዝና መድከም አንድ አይደሉም። የደነዘዘ እግር ይራመዳል፤ የደከመ እግር ይጥላል። ፊዚዮቴራፒስቷ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። እኔም ሳስተምር ዋናውን ነገር ሁለት ጊዜ እል ነበር።

ከወገቤ ተነስቶ እስከ እግሬ ጣት የሚወርደውን ነርቭ የሆነ ነገር ተጭኖታል። ሕመሙ ካለፈው ወር ቀለል ብሏል። የግራ እግሬ ውጭኛው ጠርዝና ትንሿ ጣት ግን... የሌላ ሰው ይመስላሉ።

"ስፖርቱን ላቁም?" አልኳት።
"አያቁሙ። ሜዳ ሜዳውን ይሂዱ። ዳገቱ ግን እግርዎ ላይ ከሚነኩ ሃያ ነጥቦች አሥራ አምስቱ ሲሰማዎት ነው። እግርዎ መጎተት ከጀመረ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ።"

ዳገቱ... በየቅዳሜው ከታናሽ እህቴ ጋር ወደ ውኃ ታንከሩ የምንወጣው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ፣ ዘጠኝ ዓመት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የልቧን የምታወራኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው። ጎን ለጎን ስለምንሄድ፣ ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ይሆን?

እግሬን ወረቀት ላይ አሳርፌ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ። ሃያ ነጥብ ምልክት አደረግሁ። ፈታኙ ባለቤቴ ነው፤ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቷል፣ እጁ አይንቀጠቀጥም። እሱ ከሱቁ ባመጣት በርጩማ ላይ፣ እኔ አልጋ ላይ። ዓይኔ በፎጣ ታስሯል። በክር ጫፍ ይነካኛል፤ ሲሰማኝ "አሁን" እላለሁ።

ውጤት፦ 4 ከ20። በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝ ማንሳት፦ ቀኝ 15፣ ግራ 3።
"ወደቅሽ፣ አስተማሪዋ!"
"ገና የመጀመሪያው ፈተና ነው።"

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
እህቴ ሜዳውን አብራኝ ዞረች። ሃያ ደቂቃ። ትንፍሽ አላለችም።
"ምነው?"
"እትዬ፣ ሜዳ ላይ ወሬ አይመጣልኝም።"
ልትሄድ ስትል ግን፣ "ታንከሩ ጋ ስንደርስ የምነግርሽ ነገር አለ" አለች። ምን ይሆን? "እዚሁ ንገሪኝ" ብላት ጭራሽ ትዘጋዋለች። አውቃታለሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11
9 ከ20! ግራ ተረከዝ 6። በሆዴ ተኝቼ በክንዴ ደረቴን አነሳለሁ፤ አሥር አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። የሚገርመው... ሕመሙ ከባቴ ለቆ ወደ ወገቤ ተሰበሰበ። ወገቤ ባሰበት ብዬ ደነገጥኩ። "ወደ ላይ መሰብሰቡ ደግ ነው" አለችኝ ፊዚዮቴራፒስቷ። ማን ይገምት ነበር?

ሰኞ፣ ግንቦት 18
14። ተረከዝ 10። ባለቤቴ፣ "በዚህ ከቀጠልሽ መሸለምሽ ነው።"

ሐሙስ፣ ግንቦት 21
ከሜዳው ተመልሼ ጫማዬን ሳወልቅ ሽንብራ የሚያክል ጠጠር ዱብ አለ። ከትንሿ ጣቴ ሥር ቀይ ምልክት ትቷል። ሃያ አምስት ደቂቃ ረግጬዋለሁ ማለት ነው! 14 ያገኘ እግር ጠጠር እንዴት ያልፈዋል?
ከዛሬ ጀምሮ ጫማ ከማጥለቄ በፊት ውስጡን በእጄ እዳብሳለሁ። ስመለስ እግሬን በመስታወት አያለሁ። ጠጠሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 25
17! ወረቀቱን በስልክ አንስቼ ለፊዚዮቴራፒስቷ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። "ጎበዝ! እንግዲህ ቅዳሜ ቀስ ብለው ይውጡ።"
እህቴ ደግሞ፣ "ጫማዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁት፣ እትዬ። አቧራ ጠጥቶ ሞቷል!" ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ...
ጠጠሩ ግን ያየኛል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27
አላስቻለኝም። ባለቤቴን ድጋሚ እንፈትን አልኩት። ከሰዓት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
5 ከ20።
"ክሩን ቀየርከው?"
"ያው ክር ነው።"
"እጅህን አቅልለህ ነው እንጂ..."
"እንዴ! አንቺ ስትወድቂ ጥፋቱ የፈታኙ ነው?"
ዝናብ ነርቭ ያደነዝዛል? ብርዱ ይሆን? ሁለት ካልሲ ደርቤ ትንሽ ቆየሁና አወለቅሁ። አሁንም 5። ብርዱ አይደለም። ዝናቡ አባራ። ፈተንን፦ 16።
ከዝናቡ ጋር መጥቶ ከዝናቡ ጋር የሚሄደው ምንድን ነው? ሲዘንብ የሚጠፋውስ ምንድን ነው?... ድምፅ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28
ፎጣዬን አሰርኩ። "ጎንበስ በል፣ ግን እንዳትነካኝ" አልኩት።
"አሁን" አልኩ።
"አልነካሁሽም።"
"አሁን!"
"ኧረ አልነካሁሽም፣ አንቺ ሴትዮ!"
በርጩማዋ! ጎንበስ ባለ ቁጥር ሲጥ ትላለች።
"አይሰማህም እንዴ?"
"አርባ ዓመት ተቀምጬባት ምኗን እሰማታለሁ?"
ወገቤን እስኪይዘኝ ሳቅሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ኮራጅ ስይዝ ኖሬ፣ በስተርጅና ስኮርጅ ተያዝኩ። ለካ ከሳምንት ሳምንት የጎበዘው እግሬ አይደለም፤ ጆሮዬ ነው።

ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩ። እሱ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ውጤት፦ 6 ከ20።
ተረከዜንስ? ግድግዳውን በጣቴ ነካ አድርጌ ቆጠርኩ። ግራ 14፣ ቀኝ 15። እሱ አይኮረጅም።
"ተይው በቃ። ፈቅዳልሻለች፤ ማን ያውቅብሻል?" አለ ባለቤቴ።
"ጠጠሩ።"

እህቴ ደወለች። "እትዬ፣ ቅዳሜ በስንት ሰዓት?"
"ነገ እነግርሻለሁ።"
 ያ የሜዳው ዝምታ...
"ሌላ ቀን ይሁን ካልሽም ችግር የለም" አለች። ችግር እንዳለ ከድምፅዋ ሰማሁ። ጆሮዬ ጎብዞ የለ።

ለፊዚዮቴራፒስቷ የጻፍኩት፣ ከመላኬ በፊት እዚህ የገለበጥኩት፦

"ልጄ፣ የሰኞው 17 ስህተት ነው፤ ሰርዢው። የፈታኜ በርጩማ ሲጥ ስትል እየሰማሁ ነው የመለስኩት። ትክክለኛው 6 ነው። ባለፈው ሳምንት ጠጠር ረግጬም አልተሰማኝም። የግራ ተረከዜ ግን ከ3 ተነስቶ 14 ደርሷል፤ እሱን ደግሜ ቆጥሬዋለሁ። መደንዘዝና መድከም አንድ አይደሉም ብለሽኝ ነበር። ጥያቄዬ እዚያው ላይ ነው፦ የማይሰማ ግን የማይጥል እግር ዳገት ይወጣል? ሁለት ምርኩዝ ይዤ፣ የምረግጠውን በዓይኔ እያየሁ፣ በየመቶ እርምጃው ጫማዬን አውልቄ እየፈተሽኩ? አይሆንም ካልሽ እቀራለሁ፤ እህቴንም እንደ ምንም ሜዳ ላይ አናግራታለሁ። ግን እላይ ልትነግረኝ ያሰበችው ነገር አለ፤ ሦስት ሳምንት ይዛው ቆይታለች። እባክሽ እስከ ነገ ከሰዓት አሥር ሰዓት መልሽልኝ።"