ባቡሩ ላይ የተናገርኩልሽ

ውድ ጩጬ፣

ትናንት ድምፅ የሰጠንለት የካርቱን ፊልማችን ታየ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ግማሹ ሕፃን፣ ግማሹ የሕፃን እናት። ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ ፊልሙን ትቶ የወንበሩን መደገፊያ ሲበላ ነው ያመሸው። አንቺ ብትኖሪ ሳቅሽን መያዝ አቅቶሽ በክርንሽ ትደቁሺኝ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። አላለቀስኩምም። ከሞትሽ ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። ለሰው ብናገር "ከድንጋጤው ነው፣ ይለቅሻል" ይሉኛል፤ ምኑ እንደሚለቀኝ ግን የሚነግረኝ የለም። ስለዚህ ለአንቺው ልጻፍ አልኩ። አንቺ ቢያንስ አታጽናኚኝም።

ከመነሻው ልንገርሽ፤ ግማሹን አታውቂውም።

አንቺ ሳትቀጂው የቀረሽው የመጨረሻውን ትዕይንት ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆች ከሃዲድ ዳር የተጣለ አሮጌ ፉርጎ አግኝተው ውስጡ የራሳቸውን አገር የሚፈጥሩበት፣ ደመናው እግር ያለው፣ ንጉሡ ከባርኔጣ ክምር የተሠራ፣ እሱ ፊልም። ልጅቷ ታማ ትሞታለች። ልጁ ብቻውን ወደ ፉርጎው ሲመለስ ፉርጎው ባቡር ሆኖ ይነሳል፣ እሷም እዚያ በፈጠሩት አገር መጥታ ትሰናበተዋለች። እንደ ሁልጊዜው የሴት ልጅ ድምፅ አንቺ፣ የወንድ ልጅ እኔ፤ በዚህ ጎርናና ድምፄ ስንቱን ጎረምሳ አሳድጌያለሁ መሰለሽ። ጽሑፉን ያነበብሽ ቀን "እሰይ፣ ሞቼ ከሁላችሁም በፊት ቤቴ እገባለሁ" ብለሽ አሳቅሽን። አይ አንቺ! አፍሽ ዝም ቢል ምን ነበረበት።

ከቀብርሽ በኋላ ባለው ሳምንት ዳይሬክተራችን ስቱዲዮ ጠራን። ጫማውን እያየ ነበር የሚያወራው፤ ያን ጊዜ ነው ክፉ ወሬ እንዳለው የገባኝ።

"አሠሪዎቹ አንድ ልጅ ሁለት ድምፅ ሊኖራት አይችልም ብለዋል" አለ። "ልክ ናቸው። ስለዚህ የልጅቷን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሌላ ሰው ትቀዳዋለች።"

"የሷ ይጥፋ ነው የምትለው?"

"ይጥፋ አላልኩም። ይተካ ነው ያልኩት።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው ጋሼ?"

ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው ድምፅ ቀጂያችን፣ ጆሮ የምንለው፣ ማይኩን ከፍቶ "ጎርናና ትጨርሰው" አለ። ሁሉም ዞር ብሎ አየኝ። የአንቺን ድምፅ መሥራት እንደምችል የማያውቅ የለም፤ ስንት ጊዜ ከሻይ ቤት በስልክ "እኔ ነኝ፣ አርፍጃለሁ" እያልኩ አላስቀጣሁሽም እንዴ!

መቻሌማ ከየት እንደመጣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ያ የእናንተ ቴሌቪዥን! ሥዕሉ ይመጣል፣ ድምፁ አይመጣም። አባትሽ "አሠራዋለሁ" እንዳለ ስንት ዓመት ከረመ። እኛ ምንጣፉ ላይ በሆዳችን ተኝተን ለሁሉም ድምፅ ሰጠንለት። ዜና አንባቢውን ንጉሥ አደረግነው፤ ክራቫቱን በነካ ቁጥር አዋጅ ያወጣል። የአየር ሁኔታ የምትናገረዋ ጠንቋይ ነበረች። ቦክሰኞቹ በአንድ ብርድ ልብስ የተጣሉ ወንድማማቾች። ከዚያ ድምፅ ተለዋወጥን፤ አንቺ በእኔ ድምፅ፣ እኔ በአንቺ። ቴሌቪዥኑ ሲዘጋም አገሪቱ አልተዘጋችም፤ ደረጃው ሥር፣ ልብስ ማስጫው ጋ፣ ትምህርት ቤት መንገድ ላይ ንጉሡ አዋጅ ሲያወጣ ይውላል። የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ እኛ ቆመን ለኳሱ ድምፅ እንሰጥ ነበር። እብዶች ይሉን ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ዳይሬክተሩ እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠኝ። የኔና የአንቺ ድምፅ የተጋጠመበት ስፌት ካልታወቀ ያንቺ እንዳለ ይቆያል፤ ከታወቀ ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው ይቀዳል። ቁርጡ ይሄ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ፎቶሽ አለ፣ ስኒሽ አለ፣ ሹራብሽ ወንበሩ ላይ አለ። ይሄ ሁሉ ቢጠፋ ግድ አልነበረኝም። ድምፅሽን ግን እንዲያጠፉት አልፈለግኩም። የፈለግኩት ነገር ቢኖር ከዚያ ወዲህ እሱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ሆዴ እንዳይጮህ ሙዝ በልቼ ገባሁ፣ ያንቺን ብልሃት። ማራገቢያው ጠፋ፣ በሩ ተዘጋ፣ እንደተለመደው ላብ በላብ ሆንን። ስክሪኑ ላይ ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ እኔም ከፈትኩ። ወጣሽ። ቀጭን፣ ጥርት ያልሽ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ የምትስቢው ነገር ሳይቀር። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ተነሳ። "ራሷ ናት! ምንም አትነካኩት!"

ጆሮ ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አንቺ በመጨረሻው ቀን የቀዳሽውን አጫወተና የኔን አስከተለ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

"የሷ ነው" አለኝ። "ግን የዱሮዋ ነው።"

ወይ ጉድ! እውነቱን ነበር። እኔ የሠራሁት ምንጣፉ ላይ የተኛችውን ልጅ ነው። ጎኔ ቆማ የነበረችውን ሴትዮ አልነበረም። ሰው በየቀኑ ከሚሰማው ድምፅ ላይ ምን እንደጎደለ እንዴት ብሎ ያውቃል? ጆሮ ማሽኑ ስላለው ያውቃል። እኔ አንቺን ለመምሰል ሰምቼሽ አላውቅም፤ በቃሌ ነበር የማውቅሽ።

ስለዚህ ጥሬ ቅጂውን አመጣልኝ፤ ሳይቆረጥ በፊት ያለውን ሁሉ። ጥግ ተቀምጬ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። በአንዱና በሌላው መስመር መካከል ያለሽውን አንቺን። ታስያለሽ። ወረቀት ታገላብጫለሽ። አንድ ቦታ ላይ "ጎርናና፣ ወንበር አቀብዪኝማ" ትያለሽ። እኔ ደግሞ "ምነው፣ አረጀሽ እንዴ?" እልሻለሁ። "ሆዴ እየጮኸ ነው፤ ቁጭ ስል ዝም ይላል።" ከዚያ ሁለታችንም እንስቃለን። የልጅቷ ሕመም እየጠናባት ሲሄድ ያንቺም ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል፤ ዳይሬክተሩ "ጎበዝ! ትወና ማለት ይሄ ነው!" ሲልሽ ይሰማል። አንቺ "አመሰግናለሁ" አልሽ። እውነትም ታመሽ እንደነበር እኛ ምን አባታችን እናውቃለን። አንቺም ጥርስሽን ነክሰሽ ሕመምሽን ደበቅሽን።

እዚህ ጋ ማልቀስ ነበረብኝ። ጠበቅኩ፤ እውነቴን ነው፣ ማዳመጫውን አውልቄ ጠበቅኩት። አልመጣም። እርሳስ አነሳሁና ትንፋሽሽ የት የት ላይ እንደሚቆረጥ ጽሑፉ ላይ ምልክት አደረግኩ። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መካከል ላይ፣ ማንም ሰው በማይተነፍስበት ቦታ ነበር። አጠናሁት።

ዓርብ ገባን። መጀመሪያ አንቺን ቀዳሁ፣ ቁጭ ብዬ፣ ደረቴን ጨብጬ።

"አንተ ንዳው። እኔ እዚህ እወርዳለሁ።"

ጆሮ አውራ ጣቱን አሳየኝ፤ አለፈ። ቀጥሎ የራሴን፣ የልጁን። ማዳመጫው ውስጥ አንቺ ትያለሽ፣ እኔ እመልሳለሁ። ማለቴ እኔው የሠራሁሽ አንቺ። "ብቻዬን አልችልም" አልኩ። "ትችላለህ" አልሽኝ። ከዚያ ልጁ ያለቅሳል፤ ለለቅሶው ያው የለመድኩት መንገድ አለኝ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ አፌን ክርኔ ውስጥ መቅበር ነው። አደረግኩት። ቀና ስል ዳይሬክተሩ በመሐረብ ፊቱን ሸፍኗል፣ ጆሮ እንኳ፣ ያ ደረቅ ሰውዬ፣ መስታወቱን ትቶ ወደ ግድግዳው ዞሯል። እኔ ላቡ ሸሚዜን እንዳበላሸው ነበር የማስበው።

"ለቀቀልሽ አይደል?" አለኝ ዳይሬክተሩ ጀርባዬን እየደበሰ።

"አዎ" አልኩት። ደስ ይበለው ብዬ።

ስፌቱ አልታወቀም። አሠሪዎቹ ሰሙት፣ አለፈ። ድምፅሽ ሳይጠፋ ቀረ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ በሚወጣው ስም ዝርዝር የልጅቷ ድምፅ አንቺ ብቻ ነሽ፤ የኔ እንዳይጨመር ነገርኳቸው።

አሁን ወደምፈራው ልምጣ። ወደ እናትሽ። ከቀብሩ ወዲህ እትዬን አላየኋትም ነበር። ስልክ ስትደውል ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ክፋት አይደለም፤ እንዲያው ዓይኔን አድርቄ ምን ብዬ ፊቷ ልቀመጥ? ልጇ ሞታ ጓደኛዋ እንደ ግንድ ተገትራ ስታያት ምን ትላለች? ዳይሬክተሩ ደግሞ ሳይነግረኝ ጋብዟት ኖሯል። ያውም ቦታዋን ከኔ ጎን! የመጨረሻውን ትዕይንት ማን እንደቀዳው ለሷ የነገራት የለም። የሞተች ልጇን ድምፅ ዘርፌ እንዳላገጥኩባት ብታስበው፣ አለቀልኝ ማለት ነው፤ ከአንቺ በኋላ የቀረችኝ እሷው ብቻ ናት።

ገባች። ጉንጬን ሳመችኝ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየችው። አንቺ አፍሽን በከፈትሽ ቁጥር ቦርሳዋን ጠበቅ ታደርጋለች። ባቡሩ ሲነሳ እጄን ወንበሩ ሥር ደበቅኩ። "እኔ እዚህ እወርዳለሁ" አልሽ። ከኋላ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይጠርጋል። እትዬ አልተንቀሳቀሰችም።

መብራት በራ፣ ሰው ወጣ። እኛ ቀረን።

"ባቡሩ ላይ የተናገርሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ። እየጠየቀችኝ አልነበረም።

ቦርሳዋን ከጭኗ አንስታ ጎኗ አስቀመጠች።

"በመጨረሻው ጊዜ ውሃ ስትፈልግ እንኳ በጣቷ ነበር የምታሳየኝ። ያን ሁሉ ቃል ከየት አምጥታ ትናገረዋለች?"

"ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ። እንዳያጠፉባት ብዬ ነው። ሌላ ሰው ሊያስገቡ ነበር።"

"ምን አጠፋሽና ይቅርታ ትይኛለሽ።" ዓይኗ ባዶው መጋረጃ ላይ ነበር። "ስትሄድ አንድም ቃል አላለችኝም። ዛሬ እወርዳለሁ ስትል ሰማኋት። ያንቺ ይሁን የሷ፣ ሰማሁት። ደህና አድርገሽ ነው የተናገርሽላት።"

የምትጠርገው ሴት መጥታ "እግራችሁን፣ እናቶቼ" አለችን። ሁለታችንም እንደ ተማሪ እግራችንን አነሳን፤ ከእግራችን ሥር ጠርጋ ሄደች።

"አንቺስ?" አለችኝ እትዬ። "ምን ሆነሽ ነው የጠፋሽው?"

ለዳይሬክተሩ እንዳልኩት ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደከመኝ መሰለኝ፣ አልዋሸሁም።

"ምንም አይሰማኝም እትዬ። አንዲት ጠብታ አልወጣኝም። ቀብሯ ላይም፣ እዚያ ስቱዲዮ ሆኜ እሷን ስሠራም፣ አሁንም። እንዲህ ደርቄ አንቺ ፊት መቅረብ አፈርኩ።"

ሻርፗን አውልቃ አጠፈችው። እንደገና ፈታችው።

"እኔም አይሰማኝም" አለችኝ።

"ስታለቅሺ አይቼሻለሁ እኮ!"

"ሰው ሲመጣ አለቅሳለሁ። ሰው ከቤቱ ድረስ ሊያጽናናኝ መጥቶ ዝም ብዬ ልየው? ሲወጡ ፊቴን እታጠብና ዕቃዬን አጥባለሁ። እንደው ምን ዓይነት እናት ነኝ እያልኩ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።" ከዚያ ክንዴን ይዛ ተነሳች፤ ጉልበቷ እንዳስቸገራት ነው። "ነገ ምሳ እኔ ጋ ነይ። ማልቀስ የለብሽም።"

ዛሬ ሄድኩ። በላን። ፍሪጁ ይንጫጫባት ስለነበር ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግንላት፣ ሁለት አሮጊቶች መስለን ስንገፋ፣ ዝም አለ። ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ለብዙ ጊዜ ቀን ተኝታ እንደማታውቅ ነግራኝ ነበር። ጫማዋን አወለቅኩላትና ሳህኖቹን አጠብኩ። አሁንም ምንም አልተሰማኝም፤ ብቻዬን ግን አልነበርኩም። ይሄንን ነው ልነግርሽ የፈለግኩት።

እዚህ ላይ ደህና ሁኚ ልልሽ ይገባኝ ነበር። በአንቺ ድምፅ ብዬዋለሁ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቶታል። በራሴ ድምፅ ግን ገና አልወጣልኝም።

ያው ጎርናናሽ