አራተኛው ወንበርና የመስታወት ሳጥኑ ቀበቶ

ለክቡር አቶ ቶርቢዮርን ሃግሉንድ
የኮርፕሴለ ማዘጋጃ ቤት የተማሪዎች ማመላለሻ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና እርስዎ ገና ከቤት ሳይወጡ ሞተሯን አሙቃ ለምትጠብቅዎት መኪናዎ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎንስ ተሻለዎት? በአገራችን ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጀምሮ ሁሉም ሰው "አንተ" መባባል ከጀመረ ብዙ ዘመን እንደሆነ አልረሳሁም፤ እኔም ገበያ ላይ ሳገኝዎት "ቶርቢዮርን፣ ደህና ነህ?" ብዬ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን "እርስዎ" ማለትን መርጫለሁ። የምጽፈው ነገር ከበድ ስለሚል ቢያንስ አጠራሩ ያለሰልሰው ብዬ ነው።

ስሜ ማይብሪት ኤክሉንድ ይባላል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከየእርሻው ወተት እየሰበሰብኩ ወደ ፋብሪካ የማደርስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርኩ። የሰባት ዓመቷ ቱቫ የልጄ ልጅ ናት። ነገ ሐሙስ በትምህርት ቤት ሰርቪሱ አራተኛ ወንበር ላይ የመቀመጥ ተራዋ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ለዚህ ነው። ግልባጩን ለጋዜጣ የምልከውም በግል የላክሁልዎት ሁለት ደብዳቤዎች መንገድ ላይ በረዶ ሳይዛቸው ስላልቀረ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልናገር። ከእኛ መንደር ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው ትንሿ ሰርቪስ ስምንት የልጆች ወንበር አላት፤ ልጆቹም ስምንት ናቸው። የአራተኛው ወንበር ቀበቶ ባለፈው መከር ተሰብሮ ማሰሩን ካቆመ ወዲህ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። በጥር ወር ሰርቪሷ የወንዙ ኩርባ ላይ በረዶው አንሸራትቷት ቦይ ውስጥ ገባች። ሰባቱን ልጆች ቀበቷቸው ያዛቸው። አራተኛው ወንበር ላይ የነበረውን ኤሎፍን ግን የያዘው ከፊቱ የነበረው ወንበር ነው፤ በአፉ በኩል። ከንፈሩ ተሰፋ፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹን አጣ። የወተት ጥርሶች ነበሩ ይላሉ፤ እግዜር ይስጣቸው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ስለ ፈጣን ምላሽዎ የማመሰግንበት ቃል ያጥረኛል። የኤሎፍ ከንፈር የተሰፋበት ክር ገና ሳይወጣ ስብሰባ ጠሩን። የቀረበልን የቀረፋ ዳቦ ትኩስ ነበር። ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ ሁሉም ተራውን እየጠበቀ ተናገረ፤ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። የኤሎፍ እናት ሶልቬይ ብቻ፣ "ልጄ ጥርሱን ከመኪና ወለል ላይ ሲለቅም ነው የዋለው፤ እናንተ እዚህ ዳቦ ትቆርሳላችሁ?" ስትል ሁላችንም አቀረቀርን። እርስዎም "ስሜትሽ ይገባናል" ብለው ወረቀትዎ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረጉ። ቀጥሎ ውሳኔው ተነበበ። ለካስ ችግሩ ወንበሩ ቀበቶ የሌለው መሆኑ አልነበረም፤ ችግሩ ኤሎፍ ሁልጊዜ እዚያ ላይ መቀመጡ ኖሯል። ስለዚህ ስምንቱም ልጆች በየተራ እንዲቀመጡበት የተራ ሰሌዳ ወጣልን። "ከእንግዲህ አንድም ልጅ ከሌላው ይበልጥ አይጎዳም" አሉን፤ ደግሞ በኩራት።

እኩልነት የምንወድ ሕዝብ መሆናችንን አውቃለሁ። ኬክ ስንቆርስ እንኳ ቁራጩ እንዳይበላለጥ ዓይናችን እስኪጠፋ እናፈጣለን። አደጋን ለሕፃናት እኩል ቆርሶ ያደለ ማዘጋጃ ቤት ግን ከእኛ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከሰሌዳው ሥር ያስጻፉት ማስታወሻም ምንም እንዳልዘነጉ ያሳያል፦ በተራው ቀን የቀረ ልጅ ተመልሶ በመጣ ዕለት ያካክሳል።

ሁለተኛ፦ ስለ መስተንግዶው ላመስግን። ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ መጥቼ ነበር። በሩ አጠገብ ያለችው ማሽን የወረፋ ቁጥር ሰጠችኝ። አዳራሹ ውስጥ ከእኔና ከአንዲት የወረቀት አበባ በቀር ማንም አልነበረም። ጸሐፊዎ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና እያየችኝ፣ እኔም እያየኋት ቆየን። ብድግ ብዬ ልጠጋ ስል "ቁጥርሽ ገና አልተጠራም እኮ" አለችኝ፤ በጣም በጨዋ አንደበት። የወረፋ ቁጥር ማሽንንም ለዓለም ያስተዋወቅነው እኛው ነን ይባላል። ከራስ በቀር የሚሰለፍ አንድ ሰው እንኳ ሳይኖር እንዴት እንደሚጠበቅ ለዓለም ያስተማርን መሆናችን ግን በበቂ አልተነገረልንም።

ሦስተኛ፦ ስለ ሕግ አክባሪነትዎ። የሰርቪሷ ሾፌር ሱኔ ጎረቤቴ ነው። "ስጡኝና በአንድ ቡና ሰዓት ውስጥ ልግጠመው፤ አራት ብሎን ነው" ብሎ ለመነዎት። እርስዎ ግን ዕቃው በጨረታ ካላለፈ በስተቀር እንደማይገዛ፣ ጨረታውም ለፀደይ እንደተያዘ፣ ሱኔ በራሱ እጅ ቢነካው ደግሞ ሥራውን እንደሚያጣ በትሕትና አስረዱት። ፀደይ በእኛ አገር ዝም ብሎ የሚመጣ ነገር እንዳልሆነ ያውቃሉ። እዚህ ሚያዝያ ማለት በረዶ ያለበት ሌላ ወር ማለት ነው።

አራተኛውን እዘለዋለሁ። ይህ ቁጥር በእኛ ቤት ሰሞኑን አይጠራም።

አምስተኛ፦ አሁን ስለ ኤግዚቢሽኑ። ትናንት ማክሰኞ በዚያው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የተመረቀውን "እኛ ለዓለም የሰጠነው" የተሰኘ ድንቅ ኤግዚቢሽንዎን ጎብኝቻለሁ። ክብሪቱን፣ ኩሽኔታውን፣ እንደ ብሎኑ የሚሰፋና የሚጠበውን መፍቻ፣ የደከመን ልብ የሚያስመታውን ትንሽ መሣሪያ፣ ቅባቱን ከወተቱ የሚለየውን ማሽን ሁሉ አየሁ። በዚህ የመጨረሻው ፊት ቆሜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የጫንኩት ወተት እንደዚያ ባለ ማሽን ነው ያለፈው። ሕዝባችን ሞኝ ሕዝብ አይደለም፤ አገሩን የሚወድ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ መሄድ ይችላል።

መሐል አዳራሽ ላይ ስደርስ ግን እግሬ ተያዘ። መብራት የበራበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ አንድ የመኪና ወንበር ቆሟል፤ በላዩም አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ የሚያስር ቀበቶ ተገጥሞበታል። ሱኔ ከጎኔ ነበርና ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ "ማይብሪት! ይሄ እኮ የኛው ነው። የዕቃው ቁጥር ሳይቀር አንድ ነው" አለኝ። ከጎኑ ያቆሙትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአገራችን መሐንዲስ ይህን ቀበቶ እንደሠራ፣ መብቱ የነበረው ፋብሪካም ለብቻዬ ላድርገው ሳይል የዓለም መኪና ሠሪ ሁሉ በነፃ እንዲጠቀምበት እንደለቀቀው፣ ስንቱን ነፍስ እንዳተረፈ ይናገራል። ከታችም በቀይ፦ "እባክዎ አይንኩ።"

የባህል ክፍሉን ወጣት እንዴት እንደተገዛ ጠየቅሁት። "ለኤግዚቢሽን ከሆነ ጨረታ አያስፈልግም፤ ደውለን ነው ያስመጣነው፤ በማግስቱ ደረሰ" አለኝ፤ ልጁ ምን እንደነገረኝ አላወቀም። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ለዓለም ሁሉ በነፃ የተለቀቀው ነገር ከአዳራሽዎ ወጥቶ መንገዱን ተሻግሮ አንዲት ሰርቪስ ውስጥ መግባት አቅቶታል ማለት ነው። መስታወቱ ውስጥ ያለው ወንበር ከተቀመጠበት አይነቃነቅም፤ በረዶ አያንሸራትተውም፤ ቦይ ውስጥም አይገባም። እሱ ግን ታስሯል።

እዚህ ላይ ጨዋነቴን ለጥቂት መስመር አስቀምጠዋለሁ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ያንን ኩርባ አውቀዋለሁ። ወጣት ሳለሁ ወተት እንደጫንኩ እዚያው ኩርባ ላይ ተገልብጫለሁ። መኪናው ጎማው ወደ ሰማይ፣ እኔ ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥዬ፣ ወተቱ በበረዶው ላይ ሲፈስ አያለሁ። የያዘኝ ቀበቶ ነው። ትከሻዬ ላይ ያተመው ሰምበር ለብዙ ሳምንት አልጠፋም ነበር፤ ባሌ በየማታው ሲያየው ያለቅስ ነበር። እናም የቱቫ እናት የተወለደችው ከዚያ አደጋ በኋላ ነው። ቀበቶው ባይይዘኝ ኖሮ እሷም የለችም፤ ቱቫም የለችም፤ እርስዎም ይህን ደብዳቤ ከማንበብ ይድኑ ነበር።

ልጅቷን ነገ ከቤት ላስቀራት አስቤ ነበር። እናቷ በመኪና እንዳታደርሳት አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የጠዋት ፈረቃ ገቢ ናት፤ እኔም ዓይኔ ደክሞ መንጃ ፈቃዴን ከመለስኩ ቆየሁ፤ ስለዚህ "ነገ ከእኔ ጋር ቤት ትውያለሽ፣ ፓንኬክ እንጋግራለን" አልኳት። ቱቫ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። "አያቴ፣ ተራዬ እኮ ነው" አለችኝ። "ሁሉም ተቀምጠዋል። ኤሎፍ እንኳን እንደገና ተቀምጧል። እኔ ብቻ ፈሪ ልባል?" ቀጥላም፣ "ብቀርም ዓርብ ያው ነው፤ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል" ብላ ሾርባዋን ቀጠለች። እርስዎ ያወጡትን ሰሌዳ በቃሏ ይዛዋለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትክክለኛ ዜጋ አድርገን አሳድገናታል። ያን ጊዜ ያንገበገበኝን ንዴት በምን ቃል እንደምጽፈው አላውቅም።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ በረዶው ላይ ዝናብ እየዘነበ ነው። ማታ ግግር በረዶ ይሆናል ብሏል ሬዲዮው። መስኮቱ ጋ ቆሜ መንገዱ እንደ መስታወት ሲያበራ እያየሁ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ቀበቶውን ለአንድ ቀን ያውሱን። ወስደን በጥንቃቄ እንይዘዋለን፤ አጥበን እንመልሳለን። ኤግዚቢሽኑ ያለ እሱ ባዶ የሚሆንብዎ ከሆነም የእኛን የተሰበረውን ቀበቶ በምትኩ ይስቀሉት፤ ለጎብኚው እሱም ብዙ ይነግረዋል። ደብዳቤውን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ፤ ወረፋም እይዛለሁ።

ለአገር ኩራት ለሚያደርጉት ያላሰለሰ ጥረት፣ ለሕፃናት እኩልነት ላሳዩት ቁርጠኝነት፣ እንዲሁም ለትኩሱ የቀረፋ ዳቦ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ደግሜ ደጋግሜ እየገለጽኩ፣ መንገድዎ ሁሉ እንዳያንሸራትትዎ አሸዋ የተነሰነሰበት እንዲሆንልዎ የምመኝ ታዛዥዎ፣

ማይብሪት ኤክሉንድ
ረቡዕ

ተጨማሪ ማስታወሻ፣ ሐሙስ ጠዋት፦ ትናንት እንደ ቃሌ መጥቼ የወረፋ ቁጥሬን ይዤ ተቀመጥኩ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ለከሰዓቱ ቡና ወጥቶ ስለነበር ማንም አልጠራኝም። የመስታወት ሳጥኑ መቆለፊያም እንደሌለው ያን ጊዜ አየሁ፤ ለካ እሱም ጨረታ እየጠበቀ ኖሯል። ባዶ ወንበሩ ላይ ያገኙት ቁራጭ ወረቀት የእኔው የወረፋ ቁጥር ነው። ከጎኑ ካለው ሳጥን የጎደለው መፍቻም እኔ ጋ ነው፤ በእውነት ግሩም ፈጠራ ነው፣ ብሎኑን አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም። ሱኔን አይጠይቁት፤ ማታ ደጁ በቆመችው ሰርቪስ ውስጥ ብሎኖቹን ሳጠብቅ እሱ ቤቱ እንፋሎት ሲታጠብ ነበር። ንብረትዎን ለማስመለስ ከፈለጉ ጨረታ አያስፈልግዎትም። ሰርቪሷ ጠዋት ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ከደጃፌ ትነሣለች፤ ቀበቶው በአራተኛው ወንበር ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ አንድ ልጅ ይዟል። እርስዎ ራስዎ ይምጡና፣ አያቷ እያየችዎት፣ ይፍቱት።