ፈረሱ ወደ ቀኝ ያያል

ትናንት ማክሰኞ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ተኩል የበኩር ልጄ፣ «አባቴ አእምሮው ስለደከመ ንብረቱን ሊያስተዳድር አይችልም» የሚል ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አስገብቷል።

ዛሬ ረቡዕ፣ መስከረም 20 ቀን ነው። ዓመቱን ጸሐፊዋ በገጹ ራስ ላይ አስፍራዋለች። ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ነው። ልቤ ደክሟል፣ ደረጃ እንዳልወጣ ተከልክያለሁ፣ ቀኝ ጆሮዬም አይሰማም። ከእነዚህ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት ልጄ ለምርመራ የወሰደኝ ሐኪም «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ግድግዳው ላይ የሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ግን ገና ነሐሴ ላይ እንደቆመም ነገርኩት። ይህን በሪፖርቱ ውስጥ አላካተተውም።

በዚህ ክፍል አራት ምስክሮች ተቀምጠዋል። አንደኛው በጋዜጣው ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራው ፊደል ለቃሚ ነው፤ ሚሊሜትር እንለዋለን። ሁለተኛዋ ከፊት ለፊቴ በር የምትኖረው ነርስ ናት። ሦስተኛው ከታች ያለው የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ አራተኛው የሕንፃው ጥበቃ ናቸው። ከአራቱ አንዱም ከእኔ የሚወርሰው ነገር የለም። የምናገረውን የምትጽፈው ከጠበቃዬ ቢሮ የመጣች ጸሐፊ ናት። ጠበቃዬ እንደነገረኝ፣ ፍርድ ቤት «አይችልም» ብሎ ከወሰነ በኋላ የምናገረው ኑዛዜ አይጸናም፤ ከውሳኔው በፊት የተናገርኩት ግን ይጸናል። ዛሬ የምናዘዘው ስለዚህ ነው፤ ሞት ስለቀረበኝ አይደለም።

ያለኝ ንብረት ይህ ቤት፣ በውስጡ ያሉት ዕቃዎች፣ እንዲሁም በአርባ ዓመት የሰበሰብኳቸው ጥንታዊ ሳንቲሞች ናቸው። ሳንቲሞቹ ስልሳ ሦስት ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ካርድ አለው። በካርዱ ላይ ክብደቱ፣ በሁለቱ ፊቱ የተቀረጸው ምስል፣ እኔ ዘንድ ከመድረሱም በፊት በማን በማን እጅ እንደነበረ ተጽፏል። አንድ ገዢ ሁሉንም ከነካርዳቸው በአንድ ላይ ካልሆነ አልገዛም ብሏል። ልጄ ከዚህ ሰው ጋር ቃል ተገባብቷል፤ እኔ ግን ቃል አልገባሁም።

አንደኛ። በካርድ ቁጥር 23 የተመዘገበው የብር ሳንቲም የእኔ ስላልሆነ አላወርሰውም፤ እመልሰዋለሁ። የሚመለሰውም ለሰዓት ሠሪው ልጅ፣ ለልብስ ሰፊዋ ነው። ለልጄ የአእምሮዬ መድከም የታየው ይህን በነገርኩት ዕለት ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ አስጽፋለሁ።

የዛሬ አርባ አንድ ዓመት የጋዜጣው የገጽ ቅንብር ኃላፊ ነበርኩ። ከገበያው ጀርባ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ስለሚሠራና ከአያቱ ስለወረሰው ጥንታዊ ሳንቲም ስለሚያጫውት ሰዓት ሠሪ አንድ ጽሑፍ ደረሰን። አብሮት የመጣው ፎቶግራፍ ሰውየውን ኮቱን ቆልፎ፣ ሳንቲሙን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ካሜራው ሲያቀርብ ያሳያል። ሳንቲሙ ላይ የሚጋልብ ፈረስ አለ፤ ፈረሱ ወደ ቀኝ ያያል። ለፎቶው የተረፈው ቦታ የገጹ ቀኝ ጠርዝ ነበር። በእኛ ሥራ በፎቶ ላይ ያለ ፊት ወደ ጽሑፉ እንዲመለከት ይደረጋል። ይህ ፈረስ ግን ከገጹ ወጥቶ ሊሄድ ነው። ሆን ብዬ ኔጋቲቩ ተገልብጦ እንዲታተም አዘዝኩ። ፈረሱ ወደ ግራ ዞረ፤ ገጹም አማረልኝ።

በማግስቱ ሰዓት ሠሪው ጋዜጣውን ጠቅልሎ መጣ።

«ልጄ፣ ፈረሴን አዙራችሁብኛል» አለኝ።

«ምን አደረግን?»

«ወደ ቀኝ ነው የሚያየው። እናንተ ወደ ግራ አደረጋችሁት። አስተካክሉልኝ።»

«አባቴ፣ ፈረስ ፈረስ ነው» አልኩት። «ዞር ቢል ምን ይለዋል? ሣሩ እንደሆነ በሁለቱም በኩል አለ።»

በክፍሉ የነበሩት ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «የግድግዳ ሰዓት ሠርቼልህ ወደ ኋላ ቢዞርብህም ሰዓት ሰዓት ነው ትለኛለህ?» ብሎኝ ወጣ።

እዚህ ላይ ሚሊሜትር አቋረጠኝ። «አለቃ፣ ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ። እሱም ይግባ» አለ። ይግባ ብያለሁ።

ከአራት ወር በኋላ የሰዓት ሠሪው ሱቅ ተሰብሮ ሳንቲሙ ተሰረቀ። በዓመቱ በአንድ የጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አየውና ከሰሰ። በእጁ የነበረው ማስረጃ ከእኛ ጋዜጣ የቆረጠው ፎቶ ብቻ ነው። የሐኪሙ ጠበቃ ፎቶውንና ሳንቲሙን ጎን ለጎን አድርጎ፣ «የከሳሽ ፈረስ ወደ ግራ ያያል፤ የደንበኛዬ ወደ ቀኝ። ሁለት ፈረስ ነው» አለ። ሰዓት ሠሪው ለሁለተኛ ጊዜ ወደ እኔ መጣ። «ፎቶው ተገልብጦ መታተሙን የምትገልጽ አንዲት መስመር ጻፍልኝ፤ ሌላ አልፈልግም» አለኝ። እርማት የሚወጣው በሠላሳ ቀን ውስጥ ሲጠየቅ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ጊዜው እንዳለፈበት አስረዳሁት። ያንን ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። የክሱ መጨረሻ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። መሸነፉንና ከሦስት ዓመት በኋላ መሞቱን የሰማሁት አምና ከልጁ አፍ ነው።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የጥርስ ሐኪሙ ሥራውን ሲዘጋ ሳንቲሙን ሸጠልኝ። «ከአጎቴ የወረስኩት ነው» አለኝ፤ ይህንኑ በካርዱ ላይ ጻፍኩ። ለጋዜጣ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ምንጭ ሳይኖረኝ አላሳልፈውም ነበር። ለራሴ ሲሆን አሳለፍኩት። ሳንቲሙን እንዴት አላወቅኸውም ለሚለኝ፣ መልሴ ይህ ነው፦ ያንን ፈረስ የማስታውሰው ራሴ እንዳዞርኩት፣ ወደ ግራ ሲያይ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ሳንቲሞቼ በሙዚየሙ ለአንድ ወር ታዩ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ስልሳ ዓመት የሚሆናት ሴት በሬን አንኳኳች። በፕላስቲክ የለበጠችውን የጋዜጣ ቁራጭ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይህን ፎቶ ይዩልኝ።»

«አየሁት።»

«ፊቱን ይተዉት፤ ኮቱን ይዩ። እንዴት ነው የተቆለፈው?»

«እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም።»

«እኔ ነኝ። የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል። ይህ ግን ቀኙ በግራው ላይ ነው የተደረበው፤ የሴት አቆላለፍ ነው። ኮቱን የሰፋችው እናቴ ናት፤ አሁንም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ። አባቴ ደግሞ በዕድሜው የሴት ኮት ለብሶ አያውቅም።»

ማጉያ መነጽሬን አንስቼ ኮቱን አየሁት።

«አርባ ዓመት ሙሉ ፈረሱን ብቻ ነበር የማየው» አለች። «ኮቱን ያየሁት መነጽር ከቀየርኩ ወዲህ ነው።»

ተቀመጪ አልኳት። ያዞርኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ስለ ሣሩ የተናገርኩትን ግን አስቀድማ ታውቀው ነበር፤ አባቷ እስኪሞት ይደግመው ነበርና። ሻይ ላፍላ ብላት አልጠጣም አለች።

ሚሊሜትር ወደ ጋዜጣው መዝገብ ቤት ሄዶ ለሁለት ቀን አቧራ ሲያራግፍ ቆይቶ ኔጋቲቩን አገኘው። በፊልሙ ጠርዝ የታተሙት ቁጥሮች ቀጥ ብለው በሚነበቡበት በኩል ሲታይ፣ ኮቱ እንደ ወንድ ኮት ተቆልፏል፣ ፈረሱም ወደ ቀኝ ያያል። ከኋላ እግሩ አጠገብ፣ በሳንቲሙ ጠርዝ ላይ፣ ሩዝ የምታህል ስንጥቅ አለች። ቁጥር 23 ላይ ያለችውም እሷው ናት። የሙዚየሙ ባለሙያ ሁለቱን አነጻጽሮ አንድ ሳንቲም መሆኑን በፊርማው አረጋግጧል፤ ጽሑፉ ከዚህ ኑዛዜ ጋር ተያይዟል። ሳንቲሙ ያለው በሙዚየሙ ካዝና ነው። ልጄ ስላመለከተ፣ ፍርድ ቤት ስለ እኔ አእምሮ እስኪወስን ለማንም አይሰጥም ተብሏል።

ከበኩር ልጄ ጋር የተነጋገርነው በዚሁ ጠረጴዛ ነው።

«አባዬ፣ ማንም አያውቅም እኮ።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ሰዓት ሠሪው ሞቷል፣ ሐኪሙ ሞቷል፣ ያኔ ፍርድ ቤት ፈርዷል። አንተን ምን አገባህ?»

«የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

«ኧረ በፈጠረህ! ለአንድ ፈረስ ብለህ ስልሳ ሁለቱን ልታስቀርብን ነው?»

«ፈረስ ፈረስ ነው እኔም ብዬ ነበር።»

የካርድ ቁጥር 23 የቀድሞ ጽሑፍ እንዲሰረዝ እንጂ እንዳይቀደድ አዝዣለሁ። ስህተቱ ይነበብ። ከሥሩ ይህ ይጻፍ፦ «ከሰዓት ሠሪው አያት ወደ ሰዓት ሠሪው። ከሱቁ ተሰረቀ። ከዚያ በጥርስ ሐኪሙ እጅ ተገኘ፤ እንዴት እንደደረሰው አይታወቅም። ከእሱ የጋዜጣው ገጽ አቀናጅ ገዛው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያለ አግባብ ያዘው። ወደ ሰዓት ሠሪው ልጅ ተመለሰ።»

ሌባው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሐኪሙ ነው አላልኩም። የእኔን ቃል ይዞ የሐኪሙን ልጆች የሚወቅስ ሰው ቢኖር፣ ያልተናገርኩትን እየጨመረ ነው።

ሁለተኛ። እነዚያን ካርዶች አሥራ አንድ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች በእጇ የጻፈችው ሁለተኛዋ ልጄ ናት። ስልሳ ሁለቱን ሳንቲሞች ከነካርዳቸው አውርሻታለሁ። ትሽጥ፣ ታስቀምጥ፣ ለሙዚየም ትስጥ፣ ፈቃዷ ነው። የማዝዛት አንድ ነገር ነው፦ ሳንቲሙ ወደ ሄደበት ካርዱም ይሂድ። ከካርዶቹ ዘጠኙ ላይ «ከየት እንደመጣ አይታወቅም» የሚል ተጽፏል። ገዢው እነዚህን ዘጠኙን «በአንድ የታወቀ ቤተሰብ ስም ሙሏቸው» ብሎ ነበር። አይሞሉም። አይታወቅም ማለት አይታወቅም ነው።

ሦስተኛ። ይህን ቤት፣ የጽሕፈት ጠረጴዛዬንና ማጉያ መነጽሬን ለበኩር ልጄ አውርሻለሁ። ከውርስ ይነቅለኛል ብሎ ፈርቷል፤ አልነቅለውም። እናቱ ሁለት ዓመት በተኛችበት ጊዜ ገላዋን ያጠበ፣ ጸጉሯን ያበጠረ፣ ምግብ ያጎረሳት እሱ ነው። እኔ ያኔ ጋዜጣ ቤት አመሽ ነበር። በየማለዳው ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት የሚያለብሳት ሹራብ አረንጓዴ እንደነበረ፣ ሦስተኛው ቁልፍ እንደጎደለውም አስታውሳለሁ። ዳኛው አእምሮዬን መፈተን ከፈለጉ፣ ይህን ልጄን ይጠይቁትና ከእኔ ቃል ጋር ያመሳክሩት። የተቀየምኩት ሳንቲሙን ስለፈለገ አይደለም፤ ሰው ነው ይፈልጋል። የተቀየምኩት እውነት መናገሬን እንደ በሽታ ስለቆጠረው ነው።

አራተኛ። ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ። ከዚህ ኑዛዜ ጋር አንድ እርማት በታሸገ ፖስታ ታገኛለህ። በእኔ ዘመን እርማት የምናወጣው በትንሽ ፊደል፣ ከታች ጥግ፣ ሰው በማያይበት ቦታ ነበር። ይህኛው ፎቶው በወጣበት ስፋት፣ ሦስት ዓምድ ሆኖ፣ በገጹ ቀኝ ጠርዝ ይውጣ። ፎቶው ሳይገለበጥ አብሮ ይታተም። ፈረሱ ከገጹ ወጥቶ ይሂድ። የሠላሳ ቀኑን ደንብ ከጠቀስክብኝ፣ ደንቡን የጻፈው ሰው ስህተት ነበር ብሏል በል። እምቢ ካልክ ሁለተኛዋ ልጄ በማስታወቂያ ታወጣዋለች።

በሞቴ ዜና ላይ «ታዋቂው የጥንታዊ ሳንቲሞች ሰብሳቢ» እንዳይባል። በጋዜጣ የሠራ ሰው ነበር ይበቃል።

ጸሐፊዋ ከላይ እስከ ታች አንብባልኛለች፤ በግራ ጆሮዬ በሚገባ ሰምቻለሁ። በሁለተኛው ገጽ አንድ ቃል ተሰርዟል። ልጅቱ ለእኔ አዝና «በስህተት ኔጋቲቩ ተገልብጦ እንዲታተም አዘዝኩ» ብላ ጽፋ ነበር። «በስህተት» የሚለው ወጥቶ «ሆን ብዬ» በሚለው ተተክቷል። ሁላችንም በስርዙ አጠገብ ፈርመናል። ሚሊሜትር ከመፈረሙ በፊት የመስመሮቹን ክፍተት በጣቱ ለክቶ «እኩል አይደለም» ብሏል። ከዚህ በቀር ተቃውሞ አልቀረበም።

ተናዛዡ፦ ፈርሜያለሁ።

ምስክሮች፦ ፊደል ለቃሚው፣ ነርሷ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ የሕንፃው ጥበቃ፤ ተናዛዡ ሲናገርና ሲፈርም በዓይናችን አይተን፣ እኛም በፊቱ ፈርመናል።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፣ በአምስታችንም የተፈረመበት። ፍርድ ቤቱ አእምሮዬ ጤነኛ ነው ካለ፣ በዚያው ቀን ወደ ሙዚየሙ ሄጄ ሳንቲሙን በእጄ ለልብስ ሰፊዋ አስረክባለሁ፤ የዚህ ኑዛዜ አንደኛ አንቀጽም ሥራው ያበቃል። አይደለም ካለ፣ ሳንቲሙና ልብስ ሰፊዋ እስክሞት ይጠብቃሉ፤ ያን ጊዜ ይህ ወረቀት ይናገራል። ልብስ ሰፊዋ የአባቷን ኮት ይዛ ፍርድ ቤት እንደምትመጣ ነግራኛለች። የፍርድ ቤቱ ሕንፃ አርባ ሁለት ደረጃ አለው፤ የልብ ሐኪሜ ቢከለክለኝም እወጣዋለሁ። ውሳኔው የሚሰጠው ረቡዕ፣ ጥቅምት 18 ቀን፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ነው።