የኑራ ሞት ለሰፈሯ እንዲቆጠር

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአማካይ ደህና ናችሁ በመባላችን የደረሰብንን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ሳጂዳ ሰዲቅ ከጉርድ ሾላ ዝቅ ብሎ፣ ከፎቆቹ ጀርባ ወንዙ ዳር ባለው ሰፈር ነዋሪ ነኝ። መገናኛ ልብስ እነግዳለሁ።

1. ባለፈው ዓመት ችግርና ሞት በየወረዳው እንዴት እንደሚገናኙ የሚያጠኑ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ጨዋ ልጆች ናቸው። በውጤቱም ወረዳችን ችግሩም ሞቱም ዝቅተኛ የሆነበት ተብሏል። ባለ ሊፍቱ ፎቅና ለግቢው ሁሉ አንድ መጸዳጃ ያለው የእኛ ሰፈር ተደምረው ሲካፈሉ፣ ለእኛም ግማሽ ሊፍት ሳይደርሰን አልቀረም። ስለ ክብሩ እናመሰግናለን።

2. በዚሁ ምክንያት ጤና ጣቢያው በር ላይ ትቆም የነበረችው አምቡላንስ ይበልጥ ወደተቸገረ ወረዳ ተዛወረች። የባሰበት አለ ብለን አልተቃወምንም።

3. ኅዳር ላይ ታናሽ እህቴ ኑራ ምጥ ድንገት መጣባትና ቤት ውስጥ ወለደች። ደሙ ግን አልቆም አለ። ብንደውል "መኪናዋ ሩቅ ናት፣ ጠብቁ" አሉን። ባሏ ሃይደርና ጎረቤቶች በቃሬዛ ዳገቱን አውጥተው አስፋልት አደረሷት። አንድ የታክሲ ሾፌር ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ጫናት። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ራሷ ጭኔ ላይ ነበር። "ልጅቷን ማን ያዛት?" አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ አያትና ማረፏን መዝገቡ ላይ ጻፈ። ልጅቷ ደህና ናት፤ እኔ ዘንድ ነች።

4. ሆስፒታሉ ያለው ሌላ ክፍለ ከተማ ነው። ከለቅሶው በኋላ መሥሪያ ቤትዎ ብመጣ፣ ባለሙያው አቶ ደጀኔ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና "እህቴ፣ ሞቷ የተመዘገበው እዚያ ነው፤ በእኛ ወረዳ ዘንድሮ በወሊድ የሞተች እናት የለችም" አሉኝ። እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ስለዚህ ሰፈራችን ከፎቆቹ ተለይቶ እንዲለካ፣ ኑራም በሞተችበት ሳይሆን በኖረችበት እንድትቆጠር፣ አምቡላንሷም እንድትመለስልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ድሃ መባል አምሮን አይደለም፤ ደህና መባሉን ስላልቻልነው ነው።

ጎረቤቴ ሰልዋ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። ከቢሮዎ ስመለስ በር ላይ ጠብቃ "ምን አሉሽ?" ብትለኝ፣ ጥናቱን ልነግራት አፍሬ "መኪናዋ ትመጣለች" ብያታለሁ። ክቡርነትዎ ውሸታም እንዳያደርጉኝ አደራ እላለሁ።

ከማይጓደል አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ሳጂዳ ሰዲቅ
(ፊርማ)