ያልጮኸው ጎን

ለወንድሜ ለሐቢብ፣ ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህልኝ? ሙቀቱስ፣ ሸክሙስ፣ ያ ትከሻህስ እንዴት አደረገህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ ምላሷማ ጭራሽ አልታመመም።

ልንገዛው ስላሰብነው ሚኒባስ ላጫውትህ ብል ስልኩ አልበቃኝ አለ፤ ጎረቤታችን ኸሚስ ወደናንተ ሲመጣ ይህን አስያዝኩት። «እህቴ፣ ዐሥር ዓመት የለፋሁበት ገንዘብ ነው፤ ተጋጭቶ ቀለም የተቀባ እንዳያስታቅፉሽ» ብለኸኝ የለ? ወንዱ የሚባለውን መካኒክ ይዤ ወደ መኪናው ባለቤት ወደ አቶ ሽታው ግቢ ሄድኩ። መኪናው ታጥቦ ፊት ያሳያል። ሰውዬው ገና ሳንጠይቃቸው እጅ ያልነካው ነው ብለው በገብርኤል ሊምሉ ሲነሱ፣ «ኧረ አይማሉ፣ መኪናው ራሱ ይናገር» አልኳቸው።

ወንዱ ፀሐይ ላይ አስወጥቶ ጎንበስ ብሎ በአግድም ያያል፤ የመስኮቱን ጎማ ገልጦ የተረፈ ቀለም ይፈልጋል፤ የብሎኑ ራስ በመፍቻ ተፍቆ እንደሆነ ይዳስሳል። እኔ ደግሞ ይሄ ምንድነው፣ ያ ለምንድነው እያልኩ አሰለቸሁት። ኋላ እጄ አላርፍ አለና፣ እማዬ ገበያ ላይ ገንቦ ስትገዛ እንደምታደርገው ማንኳኳት ጀመርኩ። የተሰነጠቀውን ደፍነው ሲያመጡላት ድምፁ እንደሚሞት ታስታውስ የለ? አቶ ሽታው ሴትዮዋ ገንቦ መሰላት ብለው ሳቁብኝ። ከፊት ጀምሬ ስዞር ሁሉም ኳ ኳ ይላል፤ ከሾፌሩ በስተኋላ ያለው ጎን ላይ ስደርስ ግን ድም አለ። መልሼ አንኳኳሁ፤ አሁንም ድም። ወንዱ ከአሮጌ ራዲዮ ያወጣትን ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ሞከረ። ሌላው ቦታ ሁሉ የተጣበቀችው እዚያ ስትደርስ ዱብ ብላ ወደቀች። የጎደጎደውን ቆርቆሮ በስቱኮ ሞልተው፣ ከላይ ቀለም ቀብተውት ኖሯል።

አቶ ሽታው ማግኔቷን አንስተው ለወንዱ መለሱለት። ከዚያ ወደ አምባሰል ሲወጡ ሁለት በሬ ሲዋጋ ደርሰው፣ አንዱ ጎኑ ላይ እንደተላተመባቸው ነገሩን። «ተመቷል ካልኩ ሰው ሌላውን ሳያይልኝ ይሄዳል ብዬ ነው የደበቅሁት» አሉ። ወንዱ ምንጣፉን ገልጦ፣ ከሥር ገብቶ ተኝቶ አየና፣ ከቆዳው አላለፈም፣ አጥንቱ ቀጥ ያለ ነው አለኝ። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ግን ወንድሜ ጉዳቱን ሳይሰማ እሺ አልልም ብዬ መጣሁ። ይሁን ካልክ ይሁን፤ ከሐይቅ ደሴ አንተው መጥተህ ትነዳዋለህ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ባለፈው ጁምዓ ስደውልልህ፣ ትከሻዬ ድኗል ስትለኝ ድምፅህ ልክ እንደዚያ ጎን ድም አለብኝ። ምን ደፍነህበት ነው? አቶ ሽታው እውነቱን ሲያወጡ ጭራሽ አመንኳቸው እንጂ አልተቀየምኳቸውም። አንተም ከቆዳው ያለፈ እንደሆነ ንገረኝ፤ እንዲያ ከሆነ መኪናው ይቅርና አንተ ና።

ባለቤቴ ሐሰን ሰላም ብሎሃል። ልጄ ኢንሳፍ ከፊት ወንበር የምቀመጠው እኔ ነኝ በይልኝ ብላለች። አብሮህ ለሚኖረው ለአብዱልከሪምም ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬ ዱዓዋ አልተለየህም፤ ስትደውል ስልኩን መጀመሪያ ለእኔ ስጡኝ ብላለች። ከእኔ ይልቅ የሷ ጆሮ ድም ያለውን እንደሚለይ ታውቃለህ።

እህትህ ዑምኩልሱም
ሐይቅ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.